አሥራ አንድ እርምጃ

«ዘንድሮ» አሉን ፕሮፌሰር ቫሌንቴ፣ በመስከረም መባቻ፣
«ፈተና የለም፤ ፋብሪካ ነው ያለን ብቻ።
አንድ መንፈቅ፣ አራት ልጅ፣ አንድ ችግር፤
ፈልጋችሁ አግኙት፣ እኔ አልናገር።»

እንዲህ ሆነን ሄድን አጌዳ ከተማ፣
ዝናቡ በቆርቆሮው ጣራ ላይ ሲሰማ፣
የብስክሌት እግር ከሚወለድበት፣
ቸርኬና ሽቦ ከሚጋቡበት ቤት።

ቴልሞ ወረቀት ያዘ፣ ጋስፓር ሜትር፣
ኢሪያ ካሜራ፤ እኔ ሰከንድ ልቆጥር
ስቶፕዎች አንገቴ ላይ እንደ ማተብ አስሬ
ከዶና ዴኦሊንዳ ጎን ቆምኩ ተገትሬ።
«የልብ ትርታዬን ነው እንዴ የምትቆጥሩት?»
ብላ ሳቀች፤ ሠንጠረዣችን ለሳቅ ዓምድ አልነበረበት።

ሠላሳ ስድስት ሽቦ፣ ሃያ ሰባት ዓመት፤
ጣቷ ቀዳዳውን ያውቃል ያለ መብራት።
አንድ ጎማ ተጠልፎ ሲወርድ ከጠረጴዛዋ
ተነስታ ትሄዳለች፤ አሥራ አንድ ነው እርምጃዋ፣
ከአቢሊዮ ማቃኛ ሥር፣ ከብሎን ሣጥኑ ድረስ፤
እፍኝ ትዘግናለች፤ ደግሞ አሥራ አንድ ስትመለስ።
በቀን መቶ አርባ ጊዜ።
አባዛነው። ደመርነው።
ጋስፓር አፏጨ፤ «ሁለት ኪሎ ሜትር ነው!»
በቀይ እስክሪብቶ መንገዷን ሣልነው፤
ድመት የፈታው ልቃቂት ነው የሚመስለው።
ከሥሩ ጻፍኩ እኔ፣ በትልቁ ፊደል፦
«ብክነት፦ መራመድ።» እንዴት ደስ ይል!

እርምጃ ለመውሰድ ማን ይቀድመን ያኔ?
እርምጃ ወሰድን፤ እርምጃዋን፣ ወይኔ።

ሣጥኑን ከክርኗ ሥር በብረት ክንድ ሰቀልን፤
ከሁለት መቶ አምስት ሰከንድ አሥራ ሰባት ቀነስን።
በአዳራሹ ቆመን ስናቀርብ በስላይድ፣
ቴልሞ ክራቫት አስሮ፣ ግራፉ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣
ተጨበጨበልን።
እሷ አልመጣችም፤ ፈረቃዋ ነበር።
የጠራትም የለም፣ እውነቱን ለመናገር።

በሦስተኛው ሳምንት ጎማ ተመለሰ፤
አንድ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ ሠላሳ ደረሰ።
ይወላገዳል አሉ፣ ፍሬኑን ይነካል፤
ከመጋዘኑ በር ቁልሉ ያድጋል።

የዓሣ አጥንት ሣልን፤ ራሱ፣ ክንፉ፣ ጅራቱ፤
ከሽቦው ጥራት እስከ አየሩ እርጥበቱ።
ለምን? ብለን ጠየቅን፣ አምስት ጊዜ ለምን፤
ሽቦ አቅራቢውን፣ መዝገቡን፣ ማሽኑን።
የጥያቄ ዝናብ፤ ለእሷ ግን ጠብታ
አልደረሳትም ነበር፣ ተቀምጣ በጸጥታ።

አንድ አርብ፣ ሊመሽ ሲል፣ ኢሪያ ካሜራዋን
አጥፍታ፣ በርጩማ ስባ፣ አየች ዓይኗን።
«ዶና ዴኦሊንዳ፣ ለምን ነበር የሚሄዱት?»

ፒንሳዋን አስቀመጠች።
«ብሎንማ፣ ልጄ፣ በሽርጤም ይያዛል።
አቢሊዮ አይሰማም፤ መጭመቂያው ጆሮውን በልቶታል።
ግን ጎማውን አሽከርክሮ በጣቱ ያወራል፦
አንድ ጣት፣ ወደ ግራ አጋድላለች፤
ሁለት ጣት፣ ላልታለች፤ ቡጢ፣ ደህና ናት፣ አልፋለች።
አይቼ እመለሳለሁ፤ የሚቀጥለውን
እንደዚያው አጠብቃለሁ፣ አርሜ እጄን።»

ዝም አልን ሁላችንም። የጋስፓር ሜትር ብቻ
ቀጭ ብሎ ተጠቀለለ፤ የቀኑ መጨረሻ።
በሁለት ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ በዚያ ቀይ ልቃቂት፣
አንዲት ደብዳቤ ነበረች፣ እኛ የቀደድናት።

ሣጥኑን ትተን የአቢሊዮን ማቃኛ ጎተትነው፤
ከፊቷ፣ ዓይን ለዓይን፣ አራት እርምጃ ላይ ተከልነው።
«ለምን አራት? ዜሮ ይሁን!» ቴልሞ ሲሟገት፣
«ጉልበቴስ?» አለች፣ ሳቋ አምልጧት፤
«ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ልዛግላችሁ እንዴ?»
አራት ሆኖ ቀረ።

ከሃያው አሥራ አራት ሰጡን ፕሮፌሰር ቫሌንቴ፤
(ስድስቷስ የት ሄደች? ብሎ ጠይቋል አባቴ።)
ሪፖርቱ ላይ ግን ያቺን «ብክነት፦ መራመድ» ያልኳትን
ሰረዝኳት፤ ምን እንደምተካ አጥቼ፣ ባዶዋን
ተውኳት።

አሁን አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፤ ዝናቡ መስኮቱን ያጥባል።
አንድ ሰው በብስክሌት ከጎናችን ያልፋል።
የፊት ጎማውን አያለሁ፤ ቀጥ ብሎ ይዞራል?
ወይስ በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ወደ ግራ ያጋድላል?
ሳላስበው፣ በመስኮቱ፣
አንድ ጣቴን አነሳሁ።